ልጄን ላስተምር ሄጄ የተማርኩት ቫዮሊን

ቫዮሊን ልትማር የሄደችው ልጄ ነበረች፤ እኔ አጃቢ ነበርኩ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጣቶቿ ረጃጅም ስለሆኑ ለሙዚቃ ተፈጥራለች ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ጣቶቿ ረጅም የመሰሉኝ ሹራቧ ስላጠራት መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ባለቤቴ ሥራው መተማ በመሆኑ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። የልጃችን ነገር በአብዛኛው ለእኔ የተተወ ነው፤ እኔ ደግሞ የተተወልኝን ነገር አብዝቼ እሠራለሁ። መሥሪያ ቤቴ አራዳ ነው። መስኮት ላይ ተቀምጬ የባለጉዳይ ፋይል እቀበላለሁ፣ ፋይል እፈልጋለሁ፣ ስላልተገኘው ፋይል ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ድሮ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ያገለገሉ አንድ አዛውንት ከከተማችን ዳር፣ አዘዞ፣ ቤታቸው ውስጥ ቫዮሊን እንደሚያስተምሩ ነገረችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

በሩን የከፈቱልን ራሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ቤት ውስጥ እንኳ ጫማቸው የተወለወለ ሰው ናቸው።

«ጤና ይስጥልኝ ቲቸር!» አለች ልጄ።

«ቲቸር የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው» አሉ። «እኔን አያ በይኝ።»

የተወለዱት ደባርቅ አጠገብ ገጠር ነው። ዕድሜያቸውን በከተማ ቢያሳልፉም ጋሼ የሚላቸውን ሰው ቆም አድርገው ያርሙታል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ነው የምላቸው።

ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ውጤቷ ሊጠይቁን ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ልጄን «ከአራዳ እስከዚህ ስትመጪ ምን ሰማሽ?» አሏት።

ልጄ ትንሽ አሰበች። «ረዳቱ አዘዞ ሲል መጨረሻዋን ይጎትታታል። አዘዞዞዞ ይላል።»

«እስኪ እንደሱ በይው።»

አለችው። ቫዮሊኑን አንስተው ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ፈለጉና የረዳቱን ድምፅ አገኙት። አዘዞዞዞ አለ ቫዮሊኑ። ልጄ በሳቅ ፈነዳች። እኔ ዕድሉን ተጠቅሜ «በክፍሏም ጎበዝ ተማሪ ናት» አልኩ።

«እሷን ነው የጠየቅኋት» አሉኝ።

ሦስት ቅዳሜ ተመላለስን። እሳቸው ልጄን ሲያስተምሩ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አግዛለሁ። ክርንሽን ከፍ አድርጊ። አገጭሽን አስተካክይ። ወደ መስኮት አትዪ። በሦስተኛው ቅዳሜ አያ ቫዮሊኑን ከልጄ ትከሻ ቀስ አድርገው አነሡና ወደ እኔ መጡ።

«እስኪ አንቺ አሳዪያት» አሉ።

ተቀበልኳቸው። ምን ላድርግ? በሁለት እጄ አቀፍኩት።

«ልታጠቢው ነው?» አሉ አያ።

ልጄ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔም ከመሸነፍ ብዬ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኩትና መምቻውን ደጋን ክሩ ላይ ሳብኩት። የወጣው ድምፅ ዘይት ያልነካው የግቢ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነው። ከታች፣ ከወለሉ፣ «እማዬ፣ ክርንሽ!» የሚል ድምፅ መጣ።

አያ ወንበር ስበው ከልጄ ፊት ተቀመጡ። «ንገሪኝ እስኪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ማድረግ ነው ደስ የሚልሽ?»

«ኳስ» አለች፣ ሳታስብ። «የሰፈር ልጆች ቅዳሜ ነው የሚጫወቱት።»

«ታዲያ ቫዮሊን የፈለገው ማን ነው?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ቫዮሊኑ አሁንም ትከሻዬ ላይ ነበር።

«እኔማ አርጅቻለሁ አያ» አልኩ። «ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«እኔ ሰባ ሁለት ነኝ። እዚህ ቤት ማን እንዳረጀ የምወስነው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ እንዳትቀሪ።»

ልጄ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ኳሷን ስትጫወት እኔ ብቻዬን አዘዞ መውረድ ጀመርኩ። ለጎረቤት ምን እያደረግኩ እንደሆነ ለመናገር ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ደጋኑን ክር ላይ አላስነኩኝም። መቆም ነው የተማርኩት። ሰው በዚህ ዕድሜው መቆም ይማራል? ይማራል ለካ። «ትከሻሽ ጆሮሽ ሥር ምን ይሠራል?» ይሉኛል። አወርደዋለሁ። ዞር ሲሉ ተመልሶ ይወጣል። «ቢሮ እንዲህ ነው የምትቀመጪው? ራስሽን አያምሽም?» ያመኛል። ለዓመታት ያመኛል፣ የመብራቱ ነው እል ነበር። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ባለጉዳይ ከማናገሬ በፊት ትንፋሼን እስከ መጨረሻው እንዳስወጣ የቤት ሥራ ሰጡኝ። የመጀመሪያው ባለጉዳይ «ምነው እህቴ፣ ገና ምኑን አየሽና?» አለኝ።

ቁርስ ሳልበላ የሄድኩ ቀን ለልምምድ ያዋሱኝን ቫዮሊን ሳጥን አላስከፈቱኝም። የተራበ ሰው ደጋን ሲይዝ ቢላዋ የያዘ ይመስላል አሉ። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝና ሁለት ድንች እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከእኔ በፊት ተራ የነበራት አንዲት ትንሽ ልጅ ፊቷ ጠቁሮ ደረሰች። ቤቷ ሰው ታሞ ነበር። አያ ምንም ሳይጠይቋት ውኃ መቅጃ አስያዟትና ጓሮ ወርደው ጎመኑን አብረው አጠጡ። ሙሉውን ሰዓት። ሲመለሱ ልጅቷ ታወራ ነበር፤ ቫዮሊኗ ከሳጥኗ አልወጣም። ትምህርት አልተማረችም ብዬ ውስጤን ቅር እንዳለው አልክድም።

ትልቁ ጣጣዬ ግን ይቅርታ ነው። በተሳሳትኩ ቁጥር ይቅርታ እላለሁ። አንድ ቀን አያ ደጋኔን በእጃቸው ያዙት።

«ማንን ነው ይቅርታ የምትጠይቂው? ክሩን ነው?»

«አይ፣ እርስዎን።»

«እኔን ምን አደረግሽኝ? እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ይቅርታ ባልሽ ቁጥር የተሳሳትሽውን ድምፅ እንደገና ትመቺዋለሽ። ጮክ አድርገሽ። ከተሳሳትሽ አይቀር እኛም እንስማው።»

የዚያን ቀን ተራቸውን የሚጠብቁት ልጆች የሰሙትን ሰምተዋል። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ስወጣ ክንዴን ዳበሰችኝና «አይዞሽ፣ እኔም ትንሽ እያለሁ እንደዚህ ነበርኩ» አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ወደ አዘዞ ስንገባ ሚኒባሳችን ፍተሻ ላይ ቆመ። ሁላችንም መታወቂያችንን ይዘን ወረድን። ፈታሹ ጥቁሩን ረጅም ሳጥኔን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ምንድነው?»

«ቫዮሊን።»

«ክፈቺው።»

ከፈትኩት። አንገቱን አስግጎ አየው። እውነትም ቫዮሊን ነው። ግን አላመነም። «ያንቺ ነው? ትችያለሽ?»

«እየተማርኩ ነው።»

«እስኪ ምቺው።»

አሥራ አምስት ሰው መንገድ ዳር ተሰልፎ ያየኛል። ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል። በዚያ ጊዜ የማውቀው ዜማ አንድ ብቻ ነው፤ አያ ለጀማሪዎች ያዘጋጁት አራት መስመር። ትከሻዬን አወረድኩና ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስቼ ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። ማንን እንደምጠይቅ ግራ ገባኝ፤ ፈታሹን ነው፣ ሹፌሩን ነው? ዝም ብዬ የሳትኩትን እንደገና ጮክ አድርጌ መታሁትና አለፍኩ። ስጨርስ ዶሮ ያቀፉ አንዲት እናት «ውይ ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ። ፈታሹ ሳቀ። «ሸጋ ነው፤ ሂጂ» አለ።

ለአያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «ደጋኑን እስከ ጫፉ ስበሽዋል?» ብቻ ነው ያሉኝ። አዎ ስላቸው መልካም ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ብቻቸውን ሲስቁ ሰማኋቸው።

በዚያው ዓመት አባቴ ዓይኑን ሊታከም ከአይከል መጣ። አባቴ ከአይከል ወጣ ባለ ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ፈረስ ይወዳል። ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ሐኪሙ ተመልሶ እስኪያየው ድረስ እኔ ቤት ተቀመጠ። አንድ ዓይኑ ተሸፍኗል፤ ሥራው መስማት ብቻ ሆነ።

«ምነው ልጄ፣ ድመቷ ምን ሆና ነው?» አለኝ በመጀመሪያው ምሽት።

ድመት የለንም። ነገሩ ሲገባው ደግሞ ባልተሸፈነው ዓይኑ ቫዮሊኑን ከላይ እስከ ታች አየው። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» አለ። «ባልና ልጅ ያላት፣ መንግሥት ወንበር የሰጣት ሰው?» በእኛ አገር ማሲንቆ የያዘ ሰው ለሠርግ ተለምኖ ይጠራል፣ የራስ ልጅ ማሲንቆ ከያዘ ግን ዘመድ ይሰበሰባል። ቫዮሊኑ ደግሞ ለአባቴ ማሲንቆ ነው፤ ክሩ የበዛ ማሲንቆ።

ልምምድ ስጀምር መቀመጫ ዱካውን አንሥቶ ግቢ ይወጣል። አንድ ቀን ዜማው መሃል ላይ ሳለሁ ከውጭ ጠራኝ። ድሮ ቢሆን የያዝኩትን ጥዬ እሮጥ ነበር። «አባዬ፣ እየሠራሁ ነው፤ ትንሽ ቆይ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ።

በማግስቱ የዓይኑ መሸፈኛ ተነሣለት። ከሕክምናው ስንወጣ «ያን ሰውዬ አሳዪኝ» አለኝ።

ሚኒባስ ይዘን አዘዞ ወረድን። አያ በሩን ከፈቱ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎንበስ ጎንበስ እየተባባሉ ስለ ጤና፣ ስለ አዝመራ፣ ስለ ከብት ለረጅም ጊዜ ተጠያየቁ። እኔ እንደ ተከሳሽ ጥግ ይዤ ቆምኩ።

«እንግዲህ ጌታው» አለ አባቴ፣ «ልጄን ይተዉልኝ ልል ነው የመጣሁ።»

«ይቀመጡ እስኪ። ምን አጠፋች?»

«ጨዋ ልጅ ነበረች።»

«አሁንስ?»

«አሁን ስጠራት ‹እየሠራሁ ነው፤ ትንሽ ቆይ› ትለኛለች።»

አያ ወደ እኔ ዞሩ። «ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«ይቅርታ ሳትዪ?»

«ሳልል።»

ፊታቸው በራ። ሊደብቁት ሞክረው ነበር፣ ግን አባቴ አዲስ ዓይን ነበረው፤ አየባቸው። ሊቆጣ ሲነሣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ደጋን ልብ አለው። ግማሹ ጭራ ተነቅሏል፣ የቀረውም ሳስቷል።

«ይህ ጭራ የምን ነው?»

«የፈረስ።»

አባቴ ደጋኑን አንሥቶ ወደ መስኮት ሄደ። ጭራውን በሁለት ጣቱ እያሸ ብዙ ቆየ። «ይህ የባዝራ ጭራ ነው» አለ። «ባዝራዋ ስትሸና ጭራዋን ያገኘዋል፤ ቶሎ ይሰባበራል። የወንዱ ነው የሚበጅ። ምነው ይህን ሳያውቁ?»

አያ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በወጣትነታቸው፣ በጦሩ ውስጥ ያስተማሯቸው ሰው ይህንኑ ቃል በቃል ነግረዋቸው ነበር። ችግሩ አሁን የሚገኝ ጭራ የለም፤ ከአምስት ደጋን ላይ እየነቀሉ ነው ሁለቱን በሕይወት ያቆዩት። ይህን ሲሰማ አባቴ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ። ስለ ፈረስ ማውራት ጀመሩ። እኔ ድንች ቀቀልኩ፣ አቀረብኩ፣ ሳህን አጠብኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አለፈ። ስንወጣ አባቴ እንዲተዉኝ ሊጠይቅ መምጣቱን ፈጽሞ ረስቶት ነበር፤ እኔም አላስታወስኩትም።

አባቴ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ መንገድ ተዘጋና ለሳምንታት አዘዞ መውረድ አልተቻለም። አያ በስልክ አስተማሩኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እመታለሁ፣ እሳቸው ያዳምጣሉ።

«ይቆራረጣል» አሉኝ አንድ ቀን። «ኔትወርኩ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አያ።»

«ደህና። እኔ እኮ ኔትወርኩን እየረገምኩት ነበር።»

መንገድ እንደተከፈተ በመጀመሪያው አውቶቡስ አባቴ መጣ። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ በክር የታሰረ ነጭ የፈረስ ጭራ ይዟል። ከአምባላዩ፣ ከነጩ ወንድ ፈረሱ የቆረጠው ነው። «እንስሳው ጭራውን ካጣ ወዲህ ዝንብ በጆሮው ነው የሚከላከል» አለን፣ እያዘነም እየኮራም። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጠው ደጋኖቹን አለበሱ። አባቴ ጭራውን አቅንቶ ይይዛል፣ አያ ያስራሉ፤ ማንም እንዲጠጋቸው አይፈቅዱም።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ እሑድ ከሰዓት አያ ተማሪዎቻቸውን ሁሉ በግቢያቸው ሰብስበው ወላጆችን ጠሩ። ከትንሽ ወደ ትልቅ በቁመት አሰለፉን። ዘጠኝ ልጆችና በመጨረሻ እኔ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ልጄ ከጨዋታ መጥታ ጉልበቷ ጭቃ እንደሆነ አጠገቡ ቆማለች። ጥርሷ የወለቀው ልጅ (ጥርሷ እስከዚያ በቅሎ ነበር) ከእኔ በብዙ ተራ ቀድማ ተጫወተችና ጭብጨባውን ይዛ ተቀመጠች። ተራዬ ደረሰ።

የመጀመሪያውን መስመር ደህና ሄድኩ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ደጋኑ ክሩ ላይ እንደ ፌንጣ ዘለለ። ከዚያ ዜማው ከነጭራሹ ጠፋብኝ። ቆምኩ። አንድ እናት በሐዘን አንገቷን ደፋች። አያን አየኋቸው፤ እሳቸው የሚያዩት ፊቴን አይደለም፣ ትከሻዬን ነው። አወረድኩት። ትንፋሼን አስወጣሁ።

«እንደገና እጀምራለሁ» አልኩ።

ድምፄ ግቢውን አልፎ መንገድ ድረስ የተሰማ መሰለኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩና እስከ መጨረሻው ሄድኩ። አሳመርኩት ብል ውሸት ነው። ግን ጨረስኩት። ልጄ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ኳስ ሜዳ እንደምታደርገው አፏጨች፤ አያ ለሥነ ሥርዓቱ ሲሉ ተቆጧት።

አንድ ጎረቤት አባቴን «ልጅዎ ጥሩ ትመታለች» አለው።

«የፈረሴ ድምፅ ሸጋ ነው» አለ አባቴ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታለች። አባቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እናትሽ ያረፈች ቀን ሰው እንዳይሰማሽ አፍሽን በነጠላሽ ይዘሽ ነው ያለቀስሽ። አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ምነው ለዚች ልጅ ድምፅ አልሰጣትም እግዜር፣ እያልኩ ኖርኩ።» ጋቢውን አስተካከለ። «ዛሬ ያ ሁሉ ሰው እያየሽ…» አለና አልጨረሰውም። መስኮቱ በደንብ አይዘጋም ብሎ ከረዳቱ ጋር መጨቃጨቅ ጀመረ። እኔ ቀሪውን መንገድ ዓይኔን ስጠርግ ነፋሱ ነው ብዬ ነበር፤ መስኮቱ በእርግጥም አይዘጋም ነበር።

አባቴ አሁን በየሁለት ወሩ ይመጣል፤ ዓይኔን ሊያዩልኝ ነው ይላል፣ ሐኪሙ ግን አልቀጠረውም። አያ ደግሞ ከዚህ ክረምት ጀምሮ ስምንት መስመር ያለው አዲስ ዜማ ሰጥተውኛል። ትንሿን ጣት ይፈልጋል። እሷ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜዋ ገና አሁን ሥራ የተሰጣት ጣት ናት፤ ክሩን ተጫኚ ስትባል ሌሎቹን እኅቶቿን ታያለች። ባለፈው ቅዳሜ አያ ጣቴን ይዘው አገላብጠው አዩዋትና «ምንም አልሆነችም፤ ዓይናፋር ናት» አሉ። ከዚያም ያንኑ መስመር አሥር ጊዜ አስመቱኝ። በአሥረኛው አንድ ጊዜ ተሳካ።